የክላይቭ ክረምት

ሜይ 17፣ እሑድ

ልጄ ጃሮድ ይህን ደብተር ትቶልኝ የሄደው ጺማም እንሽላሊቱ ክላይቭ የሚበላውን እንድመዘግብበት ነው። በማስመሪያ አስምሮ «ቀን»፣ «ፌንጣ»፣ «ቅጠል»፣ «ሙቀት» ብሎ ከፋፍሎልኛል። የፊተኞቹን ሦስት ገጾች ደግሞ መመሪያ ሞልቶባቸዋል፤ መብራቱ በስንት ሰዓት ይብራ፣ በስንት ሰዓት ይጥፋ፣ ከየት እስከ የት ይለካ። ለእኔ ነው እንግዲህ። እኔ እኮ ከባላራት ወደ ሰሜን፣ ሚልዱራ መንገድ ላይ፣ ስንዴ ማሳ መሃል ያደግሁ ሰው ነኝ። በአባቴ አጥር እንጨት ሁሉ ላይ አንዳንድ ጺማም እንሽላሊት ተኮፍሶ ይቀመጥ ነበር፤ መብራት የሰቀለለት ሰው አላየሁም።

እሑድ ስለሆነ ዛሬ ተደዋወልን። ከአንታርክቲካ ጣቢያ ድምፁ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አብረን እንናገርና አብረን ዝም እንላለን። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እኔ አይደለም።

«ክላይቭ እንዴት ነው እማ?»

«እንደ ጌታ ነው። ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል።»

«ስንት ፌንጣ በላ?»

«ሰባት» አልኩት። የበላው ሦስት ነው።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሊዘጋ ሲል ነው። ደህና ነኝ አልኩት፤ እሱም ደህና ነኝ አለ። ጺሙን አልተላጨም። የጣቢያውን የናፍጣ ሞተሮች የሚጠግነው እሱ ነው፤ ሥራው ይበዛበታል መሰለኝ። የሚመልሳቸው መርከብ እስከ ኖቬምበር አይመጣም።

ሜይ 19

ፌንጣ፦ ሁለት። ቅጠል፦ ጥቂት። ሙቀት፦ አልለካሁም፣ ሥራ ረፈደብኝ።

ሜይ 22፣ ዓርብ

ኖርም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እንሽላሊቱን ለምን በረንዳ ላይ አወጣሽው?» አለኝ። ኖርም ጎረቤቴ ነው። አርባ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰው ሶኬት ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል።

«ክፍሉን ላጸዳው ብዬ ነው» አልኩት።

«ማርች ላይ እኮ ነው ያወጣሽው።»

«ሰፊ ክፍል ነው።»

ነገሩ ቀላል ነው። በረንዳው ዙሪያውን በመስታወት የታጠረ ነው፣ ወደ ሰሜን ይመለከታል፣ ጭጋግ በሌለበት ቀን ፀሐይ እንደ ልብ ይገባል። ከክላይቭ ቤት ላይ ረጅሙን ነጭ የፍሎረሰንት አምፖል ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እውነተኛ ፀሐይ እያለ የውሸት ፀሐይ ምን ያደርግለታል? የማሞቂያውን አምፖል ግን ትቼለታለሁ፤ ጨካኝ አይደለሁም። በረንዳ ላይ እንዳወጣሁት ለጃሮድ ነግሬዋለሁ። የፍሎረሰንቱን ነገር አላነሳሁበትም፤ እዚያ ድረስ የራቀን ሰው በአምፖል ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል።

ሜይ 29፣ ዓርብ

ክላይቭ አሸዋውን ጭሮ ጥግ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ፌንጣ አልነካም። ጊዜው ነው፤ ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርጋሉ። አባቴ ማሳ ሲያርስ የተኛ ጺማም እንሽላሊት ካወጣበት ትራክተሩን አቁሞ ይወርድና መልሶ አፈር ያለብሰው ነበር። «ጸደይ ላይ እንገናኝ» ይለዋል። አባቴ በዚያ ድምፅ ያናገረው ሌላ ፍጡር አላስታውስም፤ እኛንም ጨምሮ።

የማሞቂያውን አምፖል አጠፋሁት። ለተኛ መብራት ይጠፋለታል።

ሜይ 31፣ እሑድ

«ተኝቷል» አልኩት።

«ተኝቷል ማለት? ለክረምቱ?»

«ለክረምቱ ነዋ። እንቅልፍ ነው ጃሮድ፣ አትደናገጥ።»

«እማ፣ የጻፍኩልሽን አንብበሽዋል?»

«ከዳር እስከ ዳር።»

ምን ልበለው? ገልጬው አላውቅም ማለት አይደለም። ሲጀምር «ውድ እማ፣ ይህን ስታነቢ እንደማትቆጪ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። እዚያው ተቆጥቼ ገለበጥኩት።

ረቡዕ ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ትታያቸዋለች፤ ከዚያ አምስት ሳምንት አትወጣም። «ሻማ ይዘሃል?» አልኩት። አልሳቀም። በፊት በእንዲህ ያለ ነገር ከጠበቅሁት በላይ ይስቅ ነበር።

ጁን 4፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤት። ከምሠራበት ምግብ ቤት ምድጃ ሥጋ የተሞላ ፓይ እያወጣሁ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሁለት አስተማሪዎች ቆመው ያወራሉ።

«ራሊን ታሳዝናለች። ባሏ ሄደ፣ ልጇ ሄደ፣ አሁን እንሽላሊት ትጠብቃለች።»

«እሱም ተኝቶባታል አሉ።»

ሳቁ። ዞር ሲሉ አዩኝና ሁለቱም ባንድ አፍ ሶስ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ግን ሰው ፓይ ይዞ አይጣላም።

ባሌ ግሬም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማዕድን ማውጫ የሄደው ለስድስት ወር ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ይህ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ጃሮድ ኮንትራት ፈርሟል፣ የሚመለስበት ወር ተጽፏል። አይገናኝም።

ጁን 7፣ እሑድ

ክላይቭን ነቅቶ አገኘሁት። ጃሮድ ካላየሁት ስላለኝ ስልኩን ይዤ ወጣሁ። የፊት እግሩ ጣቶች ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። በረንዳው ቀዝቅዞ ስለነበር ነው። በቀኝ ጎኑ በኩል አሳየሁት።

«ፊቱን አዙሪልኝ።»

«ባትሪ እየጨረሰብኝ ነው።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት። ባትሪው ሰማንያ ነበር። «እሺ እማ» አለኝ፤ ክርክር የለ፣ ምን የለ። ድሮ ቢሆን እስኪመሽ ይሟገተኝ ነበር። የዚህን ልጅ እሺታ አልወደድኩትም።

ጁን 10

ኖርም የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊሠራ መጣ። ሠርቶ ሲጨርስ በረንዳው ላይ ቆመ።

«ራሊን፣ ይሄ እንሽላሊት እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ሕልም እያየ ነው።»

«ዓይኑ እኮ ተገልጧል።»

«አንተም ስብሰባ ላይ ዓይንህን ገልጠህ አይደል የምትተኛው።»

ሳቀ። ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ፣ ሲወጣም ዞሮ አየው። ሰው የማያገባው ነገር ውስጥ ሲገባ ያናድደኛል።

ጁን 11

ፌንጣ፦ የለም። ቅጠል፦ የለም። ተኝቷል።

ጁን 13፣ ቅዳሜ

ሥራ የለም። ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። መቀመጥ አቃተኝ፣ መቆም አቃተኝ፤ በመጨረሻ ክላይቭን ለብ ባለ ውሃ ልነክረው ብዬ አነሳሁት። ሲነኩት ጺሙን አጥቁሮ የሚቆጣው ፍጡር እጄ ላይ እንደ እርጥብ ካልሲ ተዘረጋ። የግራ የኋላ እግሩ ይጎተታል። አገጩን በጣቴ ነካ ሳደርገው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተመለሰ። አጥንት እኮ እንዲያ አይሆንም።

ኩሽና ገብቼ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ቦታ አለ። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ክላይቭ ገና ዓመት አልሞላውም። ዘንድሮ እንዳታስተኚው። ሁለቱም መብራት ይብራለት፤ አንዱ ለሙቀቱ ነው፣ ረጅሙ ለአጥንቱ። መስኮት አይተካውም፤ መስታወቱ ብርሃኑን ያሳልፍና አጥንቱ የሚፈልገውን ያስቀርበታል። አውቃለሁ፣ በአያቴ አጥር ላይ መብራት አልነበረም ትያለሽ። በአያቴ አጥር ላይ መስታወትም አልነበረም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ይህን ልጅ ማን እንዲህ አድርጎ አሳደገው። ከዚያ ሳቁ ሄደና ሌላው መጣብኝ። ሦስት ወር። ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል እያልኩ በየእሑዱ ሳወራ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣ በመስታወት በረንዳ ውስጥ፣ አጥንቱ እየሟሟ ኖሯል። ደከመና ወደቀ፤ እኔ ደግሞ ተኛ ብዬ ማሞቂያውን አጠፋሁበት። ያውም የአባቴን ስም እየጠራሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ እስከ ሰኞ የለችም። ማሞቂያውን አብርቻለሁ። ረጅሙን ፍሎረሰንት ከቁም ሳጥን አውጥቼ ስሰካው አልበራ አለኝ፤ ስነቅለው አንዱን ጫፉን አጣምሜዋለሁ።

ጁን 14፣ እሑድ

ሊደውልልኝ ሲል ቀድሜ «ራሴን አሞኛል፣ ተኝቻለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። «እሺ እማ» ብሎ መለሰ። አይ እኔ።

ጁን 15፣ ሰኞ

ሐኪሟ ዶክተር ቩንግ ትባላለች፤ የጃሮድ እኩያ ብትሆን ነው። ክላይቭን በሁለት ጣቷ እያገላበጠች አየችው።

«አጥንቱ ለስልሷል። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«መብራቱስ እንዴት ነው?»

«ይበራል። አልፎ አልፎ… ይበራል።»

ጻፈች። መድኃኒት ሰጠችኝ፣ አመሰገንኳት፣ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሰካሁና መልሼ ነቀልኩት። ተመልሼ ገባሁ። ድመቱን ያቀፈ ሽማግሌ ሊገባ ሲል ቀደምኩት።

«ሦስት ወር ነው» አልኳት። «ረጅሙ መብራት ሦስት ወር ሙሉ አልበራም። ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያውንም ሁለት ሳምንት አጥፍቼዋለሁ።»

አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን ስባ የጻፈችውን ሰረዘች፣ የመድኃኒቱንም መጠን ለወጠች። የመድኃኒቱን መጠን። ሳልመለስ ብሄድ ኖሮ እኮ በተሳሳተው ልሰጠው ነበር።

«ይተርፋል?» አልኳት።

«አሁን አላውቅም። አሥር ቀን ይስጡኝ። ካልሲየሙን በቀን ሁለት ጊዜ በጠብታ ይስጡት። አዲስ ረጅም አምፖል ይግዙ፤ አሮጌው ቢበራም ጉልበቱ ያልቃል። ከሚቀመጥበት እንጨት በላይ ሠላሳ ሳንቲሜትር ላይ ይሰቀል። በመሃል መስታወት እንዳይኖር፣ ፕላስቲክም እንዳይኖር። የሚሞቅበት ቦታ አርባ ዲግሪ፣ ሌላው ጥግ ሃያ አምስት። ከዚያ በረንዳ ደግሞ ዛሬውኑ ያስገቡት።»

መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ወረቀት እያለ።

ጁን 16

ኩሽና ውስጥ አደረግሁት። አዲሱ አምፖል ተገዛ። ኖርምን ጠራሁት። መሰላል፣ መሰርሰሪያ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ሁሉንም ይዞ መጣ። ነግሬህ ነበር አላለኝም፤ ባለማለቱ ይበልጥ አፈርኩ።

ጁን 17

ኖርም ሰቅሎ ጨረሰ። ሳየው ከረጅሙ አምፖል ሥር ጥርት ያለ ፕላስቲክ ክዳን ገጥሞለታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሸፈኛ ነዋ። ራቁቱን አምፖል ሰቅዬ አላውቅም። ቢሰበርና እላዩ ላይ ቢወርድስ? ደግሞ እይው፣ እንደ አየር ነው፣ ብርሃኑን ያሳልፋል።»

«በረንዳዬም ብርሃን ያሳልፍ ነበር ኖርም።»

ትንሽ አሰበና መፍቻውን አነሳ። እየፈታ «አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ» ይላል። ከዚያ ሠላሳ ሳንቲሙን እኔ በሜትር ለካሁ፣ እሱ እንደገና ለካ፣ እኔ መልሼ ለካሁ። «ይሄ እንሽላሊት ከእኔ ቤት የተሻለ መብራት አለው» አለ። ክላይቭ ሁለታችንንም አላየንም።

ጁን 18

ሙቀት፦ 40። ማንቆርቆሪያውን ሳጥድ 36። የጓሮው በር ሲከፈት 31። ዘጋሁት፣ 33። እንደገና 30።

ኖርም «እዚህ ቤት ውስጥ ንፋስ የማይገባበት ክፍል የጃሮድ ነው፤ ከምድጃው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ለምን አታስገቢውም?» አለኝ።

«እዚያ አይሆንም።»

«ምን አለ እዚያ?»

«ምንም የለም።»

ጁን 19፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ ሙቀቱ 28 ነበር። ክላይቭ እንጨቱ ሥር ተደፍቷል። ጠብታውን ስሰጠው ምላሱን ማውጣት አቃተው፤ አፉን በጥፍሬ ከፈትኩ። አንጀቴን በላው።

የበረንዳውን ነገር ልጻፈው። ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው ቢኖር ጃሮድ ነው፤ ያንብበው።

እሱ የሄደ ሰሞን የክላይቭ መብራት በራሱ ጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይበራ ነበር። ተነስቼ በኮሪደሩ ሳልፍ ከጃሮድ በር ሥር ብርሃን ይታያል። እንቅልፌ ሳይለቀኝ በሩን ቆርቁሬ «ተነስ፣ ሻይ ፈልቷል» አልኩ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። ሦስት ቀን ነው ያልኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ኩባያ ቀድቼ አንዱን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክላይቭን ከነቤቱ እየጎተትኩ አወጣሁት። ፀሐይ ይግባለት ብዬ አይደለም።

ሲሄድም በር ላይ ያልኩትን አውቃለሁ። ቦርሳውን እንደያዘ «ሂድ እንግዲህ፣ አባትህም ሄዷል» አልኩት። እሱ «ክላይቭን ጠብቂልኝ» ብቻ ነው ያለው። ጠበቅሁለት እንግዲህ።

ኖርምን ጠርቼው አሁን አስገብተነዋል። የጃሮድን ጠረጴዛ ባዶ አደረግንለት። ሙቀት፦ 40። ከአንድ ሰዓት በኋላም 40።

ጁን 21፣ እሑድ

ደወለ። ካሜራው ተበላሽቷል አልኩት፤ ልንገረው ብዬ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አሥሩ ቀን ይለቅ፣ ከሞተም ሞቶ ልንገረው፣ ከዳነም ድኖ። እንዲህ ስል አሰብኩ።

ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ፊቱ አብጧል።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ሞተሩ ይጮኻል።»

«አንተ እኮ ከትራክተር ሥር የምትተኛ ልጅ ነበርክ።»

«አዎ» አለ። ከዚያ እዚህ አየሩ ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። ጭጋግ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ጭጋግ፣ ነጭ ነው ወይስ ግራጫ፣ ዛፎቹ ይታያሉ ወይ አለኝ። ስለ ጭጋግ ሩብ ሰዓት አወራን። ምን ነክቶት ነው ስለ ጭጋግ እንዲህ የሚጠይቀኝ?

ጁን 24፣ ረቡዕ

ከሥራ ስገባ ንፋሱ የሰፈሩን መብራት አጥፍቶታል። ሙቀት፦ 34፣ 31፣ 27። የእንጨት ምድጃው ውስጥ እሳት አልነበረም፤ አመዱ ቀዝቅዟል። ኖርም በአጥሩ ላይ «ለሦስት ሰዓት አይመጣም አሉ» ብሎ ጮኸ።

ክላይቭን በጃሮድ የሱፍ ኮፍያ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቼ፣ የነፋሱን ቀዳዳ ወደ እሱ አዙሬ፣ ዌንዶሪ ሐይቅን መዞር ጀመርኩ። ስቆም ሞተሩ የሚጠፋብኝ ስለመሰለኝ አልቆምኩም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። እኔ በላብ ተጠምቄ ሹራቤን እየነዳሁ አወለቅሁ። ጥቁሮቹ ዝይዎች መንገድ አቋርጠው ሲያስቆሙኝ የስድብ ዓይነት አልቀረኝም። በየዙሩ የሚያየኝ ዓሣ አጥማጅ በስድስተኛው ላይ እጁን አውለበለበልኝ።

በስምንተኛው ዙር ክላይቭ ከኮፍያው ራሱን አወጣና አየኝ። ዝም ብሎ አየኝ። «ምን ታያለህ፣ እየነዳሁ ነው» አልኩት። ከዚያ የቀረውን መንገድ ሁሉ ሳወራለት ሄድኩ። ለጃሮድ ልነግረው የሚገባኝን ሁሉ ለእንሽላሊቱ ነገርኩት።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ።

ጁን 26፣ ዓርብ

ዶክተር ቩንግ መዘነችው፤ አራት ግራም ጨምሯል። አገጩ ጠጠር ብሏል። «ይተርፋል ብዬ አስባለሁ» አለች። ቀጥላ «እግሩ ግን እንደተጣመመ ይቀራል። ሲሄድ ያነክሳል» አለችኝ።

«ለዘላለም?»

«አዎ። ለልጅዎ ነግረውታል?»

«እነግረዋለሁ።»

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ክላይቭ ጺሙን አጠቆረብኝ። ከሜይ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ጁን 28፣ እሑድ

አልደወለም። ብደውል አይነሳም። አራት ጊዜ። ማታ ላይ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር፤ በወረቀት ጽፌው ነበር። እሑድ አልፎት አያውቅም።

ጁን 30

40። 25። ፌንጣ፦ ሁለት፣ በራሱ ምላስ። ስልክ የለም።

ጁላይ 2

ክላይቭ እንጨቱ ላይ ራሱ ወጣ። ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ በሦስተኛው ወጣ። ኖርም ስላጨበጨበ ደንግጦ ወረደ። ኖርምን አስወጣሁት።

ለጃሮድ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ሥራ ነው። ሥራ ይሆናል። ሦስት ፓይ ለአንድ ሕፃን ሰጥቼ፣ ተመልሶ መጥቶ አንድ ነው ያዘዝኩት አለኝ።

ጁላይ 5፣ እሑድ

ሦስት ጊዜ ደውዬ በአራተኛው አነሳ። ካሜራውን አልከፈተም። የተባባልነው ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሰላምታም ሳልሰጠው ጀመርኩ። ፍሎረሰንቱን፣ በረንዳውን፣ መመሪያውን አለማንበቤን፣ ማሞቂያውን፣ ሰባት ፌንጣውን፣ ባትሪውን። እግሩ እንደሚያነክስ። «ውሸቴን ነው ስነግርህ የከረምኩት» አልኩት።

«እማ፣ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ያን ቀን ስልኩን ስታዞሪው አገጩን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ሁለት ሰከንድ አለፈ።

«ብናገር የምታፍሪ መሰለኝ። አፍረሽ ስልኩን የምትተዪው። ከእሑድ ሌላ ምንም የለኝም እማ። ክላይቭ ከሚሞትና አንቺ ከምትጠፊ… እኔንጃ። እሱ ይሙት አልኩ። እንዲህ ብዬ ካሰብኩ ወዲህ ደግሞ ራሴን ማየት አስጠላኝ።»

«ባለፈው እሑድ የት ነበርክ?» አልኩት።

«አልጋዬ ላይ።»

«ሥራ ነው አላልክም?»

«ሥራ አልሄድኩም። ጉንፋን ነው ብያቸዋለሁ። ምግብ በር ላይ ያስቀምጡልኛል። አልተኛም እማ፣ ነቅቼም አላውቅ። ልብሴን የቀየርኩበትን ቀን አላስታውስም።»

«ሐኪም አለ አይደል እዚያ?»

«አለች።»

«እሷንስ ምን አልካት?»

«ጉንፋን።»

ባላራትና እሱ ያለበት በረዶ መሃል ስንት ሺህ ኪሎሜትር እንዳለ አላውቅም። በመኪና የሚደረስ ቢሆን ቁልፉን ይዤ ነበር። ተነስቼ የእሱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

«ስማኝ ጃሮድ። በር ላይ ስትሄድ ያልኩህ፣ አባትህን ያነሳሁት… እንዳትሄድ ፈልጌ ነው። እንዳትሄድ ማለት ስላቃተኝ እሱን አልኩ። ከሄድክ ጀምሮ ተቆጥቼህ ነው የከረምኩት፣ ናፍቀኸኛል ማለቱ ስለከበደኝ። ይኸው አልኩት። አሁን ተነስ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሐኪሟ። እኔ ዝም ብዬ ከርሜ የዚህን ፍጡር እግር አጣምሜዋለሁ። አንተን ሰኞ ይሁን፣ ነገ ይሁን አልልህም። ስልኩን ይዘህ ተነስ። ጫማ አድርግ።»

«እማ፣ ምን እላታለሁ?»

«ጉንፋን አይደለም በላት። ሌላውን እሷ ትጠይቅሃለች።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ልጠራ ስል አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ጫማ ሲፈልግ። ከዚያ በር፣ ከዚያ እርምጃው። ኮሪደሩ ረጅም ነው። መሃል ላይ ቆመ። «አለሁ» አልኩት። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ መራመድ ጀመረ።

ቆረቆረ። አንድ ጊዜ፣ በስሱ።

«እንደ ሰው ቆርቁር» አልኩት።

ቆረቆረ። በር ተከፈተ፣ የሴት ድምፅ «ጃሮድ?» አለ። እሱም «ጉንፋን አይደለም» አለ። «ግባ፣ ግባ» አለችው፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ጁላይ 6፣ ሰኞ

ፌንጣ፦ አራት። ቅጠል፦ በላ። ሙቀት፦ 40።

በሥራ ሰዓት ስልክ ማየት ክልክል ነው፤ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከእረፍት በፊት መልእክት መጣ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ሐኪሟ ደብዳቤ ትጽፍልሻለች። ለክላይቭ ሰላም በይልኝ» ይላል። ሃያ አራት ፓይ አረረብኝ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ጭሱ እስኪወጣ ድረስ መልእክቱን መልሼ መልሼ አነበብኩት።